«የሙሉ ዕድሜ ደንብ» ስለ ተባለው ጽሑፍ

ባለፈው ክረምት፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አሁን ግን ሕክምና የሚማር አንድ ወጣት ለዕረፍት ወደ አቀስታ መጥቶ ሳለ ሊጠይቀኝ ከቤቴ ገባ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ባናችንን ደርበን ከምድጃው ዳር ተቀመጥን፤ ስንጨዋወትም ወሬያችን ወደ ኮሮናው ዘመን ዞረ። ልጁም ከቦርሳው ጥቂት ገጾች አውጥቶ «ጋሼ፥ እስቲ ይህን ያንብቡት፤ በክፍላችን ተከራክረንበት አብዛኞቻችን ተስማምተንበታል» አለኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ይህን ቋንቋ በሚስዮን ትምህርት ቤት፥ ግሥ ያሳሳተ ልጅ መዳፉን በማስመሪያ በሚመታበት ጊዜ የተማርሁት ስለ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በዚያው ሌሊት አነበብሁት፤ በማግሥቱም ደገምሁት። ልጁ ጨዋና አስተዋይ ነው፤ ነገር ግን ገጾቹን በእጄ ሲያኖር ዕድሜዬን የዘነጋው ይመስለኛል። ጽሑፉ ስለ እኔና ስለ እሱ ነውና። ሁለታችን በአንድ ቀን ታመን መድኀኒቱ ለአንዳችን ብቻ ቢበቃ ለማን ይሰጥ ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ለእሱ ነው።

ይህን ትችት በመልሱ ተቀይሜ የምጽፈው እንዳይመስላችሁ፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ እለምናችኋለሁ። መልሱ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ወደ መልሱ የተኼደበት መንገድ ነው። አርባ ዓመት ሳስተምር፥ መልሱ ስለ ገጠመ ብቻ ለማንም ተማሪ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም፤ ስሌቱን አሳየኝ እል ነበር።

ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የታተመ ነው። ጸሐፊዎቹ ጎቪንድ ፐርሳድ፥ አላን ዌርትሃይመርና ኢዚኪየል ኢማኑኤል የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት ናቸው። ያን ጊዜ ኮሮና አልተወለደም፤ እነሱ ያሰቡት ለበሽተኛ ስለሚተከል የሰውነት ክፍል፥ ስለ ክትባትና ይህን ስለ መሰለ ነገር ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ ግን በሽታው ዓለምን ባጥለቀለቀ ጊዜ ነገሩ ከመጽሔት ወደ አልጋው ዳር ወረደ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኢጣልያ የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ማኅበር፥ አልጋ ሲጠፋ ለመቀበያው የዕድሜ ወሰን ማበጀት ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ምክር ጻፈ። በዚያው ወር ኢማኑኤልና ፐርሳድ ከሌሎች ጋር ሆነው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። እኔ የምተቸው የመጀመሪያውን ነው፤ ሥሩ እዚያ ነውና።

ሊቃውንቱ ስምንት መንገዶችን አንሥተው ይመረምራሉ። ዕጣ መጣል፥ ቀድሞ የመጣውን ማስቀደም፥ ከሁሉ ይልቅ የታመመውን ማስቀደም፥ በዕድሜ ታናሹን ማስቀደም፥ ብዙ ነፍስ ማዳን፥ ብዙ ዘመን የሚተርፍለትን መምረጥ፥ ለሌሎች የሚጠቅመውን መምረጥ፥ ቀድሞ ለዋለ ውለታ መክፈል። ከነዚህ ማንኛውም ለብቻው አይበቃም ብለው፥ ሦስቱን ጥለው አምስቱን አጣምረው «የሙሉ ዕድሜ ደንብ» ያሉትን ሠሩ። በዚህ ደንብ ከ15 እስከ 40 ዓመት ገደማ ያለው ሰው ብልጫ ያገኛል፤ ሕፃኑና ሽማግሌው ዝቅ ይላሉ። ሰው ሁሉ ከልጅነት እስከ እርጅና ሙሉ ዕድሜውን ለመኖር ዕድል ይገባዋል፤ ስለዚህ ገና ያላገኘው አስቀድሞ ያገኘውን ይቅደመው ማለታቸው ነው።

ከጣሏቸው ሦስቱ አንዱን በጣሉበት ቦታ ከልቤ ተስማማሁ። ይኸውም «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» የሚለው ነው። በወፍጮ ቤትና በቦኖ ውሃ ይህ ደንብ ማለፊያ ነው፤ እህሉን ቀድሞ ያደረሰ ቀድሞ ያስፈጫል፥ የዘገየውም ቢበዛ ራቱ ይመሽበታል። በሐኪም ቤት ግን ቀድሞ የሚመጣው ማን ነው? ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር የሆነ፥ መኪና ያለው፥ ስልክ የሚደውልለት ዘመድ ያለው ሰው ነው። ከአቀስታ እስከ ደሴ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአምባ ፈሪት ሥር ካለ ቀበሌ ተነሥቶ አቀስታ ለመድረስ ደግሞ በሽተኛው በቃሬዛ ሆኖ ዳገቱን መውጣት፥ ቁልቁለቱን መውረድ አለበት። ወንጌልን ያነበባችሁ መጻጉዕን ታስታውሳላችሁ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት በሕመም የኖረ ሰው ነበር፤ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ ይድን ነበር፤ እሱን ግን ተሸክሞ የሚያወርደው ባለመኖሩ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር። ያ ወረፋ ለዓይን ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ እውነቱ ግን ሰው ላለው ሰው የተሠራ ነው። አሜሪካውያኑም በራሳቸው አነጋገር ይህንኑ ይላሉ፤ ሀብት ያለው፥ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰውና ፈጥኖ የሚጓዝ ይጠቀምበታል ይላሉ። ከቦረናና ከለጋምቦ ለመጣ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ መቅደም እንምጣ። የወሎ ሰው ይህን ስሜት ከማንም ሊቅ አይማረውም። ሽማግሌ ሲሞት ለቀስተኛው ቡናውን እየጠጣ የሟቹን ደግነትና ቀልዱን ያነሣል፥ አንዳንዱም ፈገግ ይላል። የሃያ ዓመት ልጅ ሲሞት ግን አገሩ ይናወጣል፤ አጽናኙ ራሱ አጽናኝ ይሻል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሐዘን የሚለካበትና መብት የሚለካበት ሚዛን አንድ አይደለም። ለቅሶው ያነሰለት ሰው መድኀኒቱም ይነስበት ካልን፥ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ከሁሉ በታች ሊሆን ነው። ሊቃውንቱም በሐዘን ላይ ብቻ አልቆሙም፤ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ እርሳሴን ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ላይ ነው።

ወጣቱን ከሕፃኑ ያስቀደሙት ስለ ምን ነው? በወጣቱ ላይ ብዙ ትምህርትና ብዙ የወላጅ ድካም ፈሶበታል፤ ቢሞት ያ ሁሉ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ሕፃኑ ግን ገና ብዙ አልወጣበትም ይላሉ። ይህን ሳነብ የክፍሌ መዝገብ ፊቴ ላይ መጣ። መስከረም ላይ ስልሳ ልጆች መዝግቤ፥ ገብሱ ሲደርስ አንዱ ለአጨዳ፥ አንዱ ለከብት፥ አንዷ ለውሃ እየቀሩ፥ ሰኔ ላይ ከአርባ በታች የማስፈትንባቸው ዓመታት ነበሩ። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ከወንድሟ የበለጠ ጭንቅላት የነበራት፥ ክፍልፋይን በአንድ ቀን የገባት። በአሥራ አራት ዓመቷ ዳሯት። ወንድሟ ተምሮ ዛሬ ደመወዝተኛ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በሃያ ዓመታቸው አንድ ቀን ታመው ቢመጡና የፈሰሰባቸው ይቈጠር ቢባል፥ በእሷ ላይ የፈሰሰው ምንድር ነው? አንድ ጊዜ ትምህርቷን ስለ ተነጠቀች ሁለተኛ ጊዜ ትንፋሿን ልትነጠቅ ነውን?

ጸሐፊዎቹ ምን እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። «እኛ የቈጠርነው ዕድሜን እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ሰርተፊኬት አይደለም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በገጹ ላይ እንዲያ ነው። ነገር ግን አንድ ምክንያት በሩን አልፎ ከገባ በኋላ በተቀመጠበት ወንበር ረግቶ አይቀርም። ዛሬ «ወጣቱ ተምሯልና ከሕፃኑ ይቅደም» ያልን፥ ነገ «የተማረው ወጣት ካልተማረው ይቅደም» የሚለውን በምን አፍ እንከለክላለን? ምክንያቱ ያው ነው፤ የሚለየው መቈጠሪያው ብቻ ነው። የሰውን ነፍስ በወጣበት ወጪ መገመት፥ የተጀመረ ቤት ከመሠረት ጉድጓድ ይበልጣል ብሎ እንደሚያስብ ግንበኛ ነው። ግንበኛው ልክ ነው፤ ቤቱ ግን ሰው አይደለም።

ሌላም አለ። በዕድሜ መለየት አድልዎ አይደለም፥ ዛሬ 65 ዓመት የሆነው ሁሉ አንድ ጊዜ 25 ዓመት ነበረና ይላሉ። ለመስማት ቀና ነገር ነው። እኔ የተወለድሁት በ1952 ዓ.ም. ነው፤ 25 ዓመት የሞላኝ በ1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በወሎ ምን እንደ ነበረ አያቶቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ከዚያም በፊት፥ የ1965 እና የ1966ቱ ረኀብ በመጣ ጊዜ፥ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አብረውኝ ከብት ከጠበቁት መካከል ከሁለቱ በአንዱ የቀሩ አሉ፤ እነሱ 25 ዓመትን አላዩትም። እኔ አየሁት፤ ግን እኔ ያየሁት ሃያ አምስትና ጠግቦ ያደረ የሌላ አገር ወጣት ያየው ሃያ አምስት በአንድ ቁና የሚሰፈሩ አይመስለኝም። ዓመት ለመቈጠር የሚመች ነገር ስለ ሆነ ሊቃውንት ይወዱታል፤ ዓመቱ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ግን ቁጥሩ አይናገርም። (ከሦስቱ አንዱ ኢማኑኤል እ.ኤ.አ. በ2014 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት፥ 75 ዓመት ሲሞላቸው መሞትን እንደሚመርጡ ጽፈዋል። ሌላው ሰው ይህን ያድርግ ግን አላሉም፤ ስለዚህ በዚህ አልወቅሳቸውም። ያም ሆኖ ሰባ አምስትን እንደ ጠገበ ገበታ የሚገፋ ሰው በልጅነቱ ብዙም ያልተራበ መሆን አለበት ብዬ ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ።)

ደግሞ ይህን ልብ አድርጉ። የኮሮና ክትባት በኮቫክስ በኩል መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ያህል መጠን ነበረ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚያስፈልግ፥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ከመቶ ሰው ለአንዱ ያህል ነው። በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ክትባቱም ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። በወጣው ደንብ መሠረት በመጀመሪያ የጤና ሠራተኞች፥ ቀጥሎም 65 ዓመት የሞላቸው፥ ከ55 ዓመት በላይ ሆነውም የቈየ በሽታ ያለባቸው ይከተቡ ተባለ። እኔ ያን ጊዜ 61 ዓመቴ ነበር፤ ስኳርም አለብኝ። እንግዲህ ለክትባቱ በዕድሜዬና በስኳሬ ከፊተኞቹ መካከል ነበርሁ፤ ለኦክስጂኑ ግን በላንሴት ደንብ ከኋለኞቹ መካከል ነኝ። ያው አንድ ሰው ነኝ። ክትባቱ አደጋው የሚበዛበትን ይፈልጋል፥ ኦክስጂኑ ተስፋው የሚበዛለትን ይፈልጋል፤ ዕድሜ በአንደኛው የአደጋ ምልክት ነው፥ በሁለተኛው የተስፋ ማነስ ምልክት ነው። ምልክት ብቻ ከሆነ እሰየው፤ ሐኪሙ ምልክቱን ትቶ በሽተኛውን መርምሮ ይፍረድ። ሊቃውንቱ የሳቱት ምልክቱን ራሱን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ነው።

እስካሁን ስነቅፍ ሰማችሁኝ። አሁን ስለ ጽሑፉ መልካምነት እናገራለሁ፤ ለዚህም ደንብ የሌለበትን ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ከአሥር ሺሕ በላይ ሰው እንዳለቀ፥ ያን ጊዜ ራስ ተፈሪ የነበሩት እሳቸውም በጽኑ ታመው እንደ ተረፉ ጽፈዋል። ማን ይታከም የሚል ደንብ አልነበረም፤ ሐኪሙ በማን ደጅ ይቆም እንደ ነበረ ግን ለመገመት አያስቸግርም። ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናቃጥል ጭሱን እናስታውሳለን እንጂ ይህን አናስታውስም።

በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረኀብ ደግሞ ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በመቀሌ ሕፃናትን ትመግብ ነበር። ተላላፊ በሽታ ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። ከሺሕ በላይ ሕፃናት በተሰለፉበት ቀን ለስልሳ ወይም ለሰባ ብቻ ቦታ ነበራት። በሰልፉ መካከል እየዞረች የመረጠቻቸውን በእስክሪብቶ ምልክት ታደርግባቸው ነበር። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት ጸጸት ሆኖ እንደ ተከተላት ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። ያልተመረጡትን እናቶች አስባለሁ፤ እሷንም አስባለሁ። አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን፥ እስክሪብቶ ይዛ፥ ሺሕ ሕፃን ፊት።

አሁን የራሴን ልናገር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሳል ያዘኝ፤ በአራተኛው ቀን ትንፋሼ አጠረና ልጆቼ ስሙን ወደማልጠራው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። አልጋ አገኘሁ። ከጐኔ ካለው አልጋ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆናት ሴት ተኝታ ነበር፤ ከገጠር በግማሽ ቀን ቀድማኝ የመጣች ናት። ወንድሟ ከወለሉ ላይ ጫማዋን ታቅፎ ተቀምጧል። ሌሊት ላይ የሁለታችንም ትንፋሽ ወረደ። ሙሉ ሆኖ የቀረው የኦክስጂን ሲሊንደር አንድ ነበረ። ትልቁ ሲሊንደር ሰባት ሺሕ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በደቂቃ አሥር ሊትር ለሚፈልግ በሽተኛ አሥራ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ለሁለት ቢከፍሉት ደግሞ ለሁለቱም አይበቃ ይሆናል። ተረኛዪቱ ነርስ ቀድሞ ተማሪዬ ነበረች። ሲሊንደሩን እየገፋች ወደ እኔ መጣችና ጭምብሉን ስታጠልቅልኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞዎት ጋሼ፥ እኔ እያለሁ» አለችኝ።

ገብቶኛል። የዚያችን ሴት ወንድም ዓይን አይቻለሁ። ዝም ብዬ ተነፈስሁ።

ሲነጋ አልጋው ባዶ ነበረ። በመኪና ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰዷት አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ የላንሴትን ስምንት መንገዶች በዚያች ሌሊት ላይ አኑሩና ፈትኑ። በቀዳሚነት ቢሆን እሷ ትቀድማለች። በዕድሜ እሷ። በሚተርፍ ዘመን እሷ። ለሌሎች በመጥቀም ቢሆን፥ እሷ የልጆች እናት ሳትሆን አትቀርም፥ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕጣ ቢጣል እንኳ እኩል ነበርን። ምናልባት «ቀድሞ ለዋለ ውለታ መክፈል» የሚለው ይሸፍንሃል ትሉኝ ይሆናል፤ አስተምረሃታልና። ነገር ግን እኔ ያስተማርሁት ነርሷን ነው፤ የእሷን ዕዳ በሌላ ሰው ትንፋሽ መክፈል የት ይገኛል? እኔን ያዳነኝ ሊቃውንቱ ያልጻፉት ዘጠነኛ መንገድ ነው፤ እሱም መተዋወቅ ነው። በአገራችን ከስምንቱ ይልቅ የሚሠራው ይኸው ነው፤ በቀበሌም፥ በመሥሪያ ቤትም፥ በአልጋ ዳርም። ጽሑፉ ይህን ስለ ዘለለ ጉድለት አለበት። የተጻፈ ደንብ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ መንገድ ስለ ሆነ፥ ደንብ እንዲጻፍ በመድከማቸው አመሰግናቸዋለሁ። በዚያች ሌሊት በግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ቢሆን፥ ወረቀቱም እኔን መጨረሻ ቢያደርገኝ፥ ዛሬ ከማደርገው ያነሰ አጉረመርማለሁ። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ እንደዚያች የመቀሌ ነርስ ብቻዋን ተትታ ነበር። እስክሪብቶ እንኳ አልያዘችም።

ታዲያ ደንቡ እንዴት ያለ ይሁን? እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በመኸር ጊዜ፥ አያቴ በጽኑ ታመመ። በዚያው ቀን ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን አልፏት ነበር። ሐኪም የሚገኘው በእግር ሙሉ ቀን ከሚያስኬድ ቦታ ነው። ወንዱ ሁሉ ለአጨዳ ተበትኖ ስለ ነበረ ለአንድ ቃሬዛ የሚበቃ ተሸካሚ ብቻ ተገኘ። የቅሬው ዳኛ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ደጃችን ላይ ሰብስቦ፥ አያቴን በባና አስወጥቶ፥ በሁሉ ፊት ነገሩን ነገረው። «እሷ ዛሬ ካልሄደች ሁለት ነፍስ ይጠፋል፤ አንተ ግን ሌሊቱን ትችላለህ ብለን ገምተናል፤ ምን ትላለህ?» አለው። አያቴ የዋህ ሰው አልነበረም። «ሠላሳ ዓመት የሰዉን ሁሉ ሬሳ ስሸከም ኖሬ ዛሬ ለኔ ትከሻ ጠፋ?» ብሎ ተቈጣ፥ ሰደባቸው፥ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ቈይቶ ግን «እንግዲያው አድርሳችኋት በሌሊት ተመለሱ» አለ። የተመለሱት በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። እሱም አልሞተም፤ አራት ዓመት ኖሮ፥ ቅሬው በተሰበሰበ ቍጥር ያችን ቀን እያነሣ ሲያስቸግራቸው ነበር። እነሱም ያዳምጡት ነበር፤ ለማጉረምረም መብት ነበረዋ!

እኔ ማንኛውንም ደንብ የምፈትነው በዚያ ደጅ ላይ ነው። በቅሬው ፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይችላልን? «በዚህ መድኀኒት ዛሬ ለመዳን ተስፋ ያለው ይቅደም» የሚለው ይነበባል፤ ሽማግሌው ያጉረመርማል እንጂ አያፍርም። «ተስፋቸው እኩል ከሆነ ዕጣ ይጣል» የሚለውም ይነበባል፤ ዕቁብ የጣለ ሕዝብ ዕጣን አይንቅም። በሽተኛን የሚያነሣ ሐኪምና ነርስ ይቅደም ቢባልም ሰው ይገባዋል፤ እነሱ ከወደቁ ማን ያነሣናል? እነዚህን ሁሉ ሊቃውንቱም በአምስቱ ውስጥ አስገብተዋቸዋል፤ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። «ብዙ የወጣበት ይቅደም» የሚለውን ግን ያችን በአሥራ አራት ዓመቷ የተዳረች ልጅ እናት በተቀመጠችበት ማን አፉን ሞልቶ ያነበዋል? «ጋሼን አውቃቸዋለሁ» የሚለውማ በብርሃን አይነገርም፤ እኔ በሌሊት፥ በዝግታ ነው የሰማሁት።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ጽሑፉ የሚጀምረው ሁለቱ በሽተኞች ሐኪሙ ፊት ከደረሱ በኋላ ነው። በአምባ ፈሪት ሥር በቤቱ ሳለ ትንፋሹ ያለቀው ሰው ከስምንቱ በአንዱም አይቈጠርም። በአገራችን በዚህ በሽታ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ7,500 ጥቂት ይበልጣሉ፤ የሚመዘገበው ግን ተመርምሮ የታወቀ ብቻ ነው። ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚያን ጊዜ የኮሮና ማከሚያ ሆኖ ብዙ ሰው አትርፏል፤ ይሁን እንጂ እዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ ደሴ መድረስ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ የከተማዪቱ ትልቁ ሆስፒታል ንብረቱ ተዘረፈ። ሊቃውንቱ የመድኀኒትን ማነስ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ አድርገው ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከሰማይ የወረደ ማነስ በዕድሜዬ ያየሁት ጥቂት ነው።

መስከረም ሲጠባ ልጁ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ በዋዜማው ሊሰናበተኝ መጣ። ገጾቹን በኅዳጋቸው ላይ በእርሳስ ከጻፍሁት ጋር መለስሁለት፤ ይህንንም ጽሑፍ እንዲያነበው ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው። የሲሊንደሩ ነገር ካለበት ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና እንደገና አቀረቀረ። ሲጨርስ ስለ ላንሴት አንድም ነገር አልተከራከረኝም።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ያን ሌሊት ጭምብሉን አውልቀው፥ ለሷ ይሁን ሊሉ አስበው ነበር?»

«አስቤ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«አላወለቅሁም» አልሁት። ገጾቹን አጣጥፎ ወደ ቦርሳው ከተተ፤ አውቶቡሱ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚነሣም ሳይመሽ ተነሥቶ ሄደ።